የመቻል እግር ይቆረጥ ወይስ «የጭንቀት ፕሮቲን» የሚመታው መድኃኒት ይፈለግለት?

የመቻል እናት፦

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። የምጽፈው ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ነው። መቻል አጠገቤ ተኝቷል። የግራ የፊት እግሩን ግን ማንም እንዳይነካበት ከሰውነቱ አርቆ ዘርግቶታል። ከሁለት ወር በፊት እንዲህ አይተኛም ነበር።

ዕድሜው ስምንት ነው፤ ሮትዋይለር፣ 46 ኪሎ። ስሙን ያወጡለት አባቴ ናቸው። ድሮ የውሻ ስም ለጎረቤት መልእክት መላኪያ እንደነበር ታውቃላችሁ። አባቴ ሊጠይቁኝ መጥተው ሳለ ላይኛው ፎቅ ያለው ሰው ሌሊት ወንበር እየጎተተ እንቅልፍ ቢነሳቸው፣ ያን ጊዜ ቡችላ የነበረውን ውሻ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው «መቻል!» ብለው ጠሩት። ሰውየው አማርኛ እንደማይሰማ አላሰቡትም።

ማነከስ ሲጀምር መጀመሪያ የወሰድኩት ሰፈራችን ወዳለ ክሊኒክ ነበር። «ወለምታ ነው፣ ያሳርፉት» ብለው የሕመም ማስታገሻ ሰጡኝ። ሦስት ሳምንት ጠበቅሁ። አንጓው ሲያብጥ ሌላ ቦታ ወሰድኩት፤ ራጅ ተነሣ። ሐኪሟ ፊልሙን ብርሃን ላይ አድርጋ አሳየችኝ። ከአንጓው ከፍ ብሎ ያለው አጥንት ብል የበላው ነጠላ መስሏል። በመርፌ ናሙና ተወሰደ፤ ውጤቱ ኦስቲኦሳርኮማ የሚባለው የአጥንት ነቀርሳ ሆነ። የደረት ራጁ ንጹሕ ነው።

አሁን የሚሉኝ እግሩ ይቆረጥ፣ ከዚያ ኬሞቴራፒ ይቀጥል ነው። የእኅቴ ልጅ ደግሞ ኢንተርኔት ላይ ሲፈልግ የካንሰር ሴል በጭንቀት ጊዜ የሚደገፍባቸው ፕሮቲኖች እንዳሉና እነዚህን የሚያግድ መድኃኒት የአጥንት ነቀርሳ ባለባቸው ውሾች ላይ እንደተሞከረ አነበበልኝ። ታዲያ ይህ ካለ እግሩን ለምን ይቆርጡብኛል? የሚያውቅ ካለ እባካችሁ ንገሩኝ። የሐኪሟ ቀጠሮ ማክሰኞ ነው።

ጡረተኛው ሐኪም፦

ልጄ፣ አይዞሽ። የእንስሳት ሕክምና የተማርኩት ደብረ ዘይት ነው፣ ዛሬ ቢሾፍቱ በሚባለው። አገር ቤት ሳለሁ ከውሻ ጋር የነበረኝ ሥራ በአብዛኛው የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ነበር። የአጥንት ነቀርሳን በብዛት ያየሁት እዚህ አሜሪካ ከመጣሁ በኋላ ነው፤ ምክንያቱም በሽታው ትልልቅ ውሾችን ይወዳል። ሮትዋይለር፣ ግሬት ዴን፣ አይሪሽ ዎልፍሀውንድ፣ ግሬይሀውንድ፣ ሴንት በርናርድ። ቦታም ይመርጣል። ተማሪ ሳለን «ከክርን ይርቃል፣ ወደ ጉልበት ይቀርባል» እያልን ነበር የምናጠናው። የመቻል ከአንጓው በላይ ነው፤ ከክርን የራቀው ቦታ ማለት ነው።

ሌላው ሁሉ ከመወራቱ በፊት ስለ ሕመሙ እናውራ። ይህ በሽታ አጥንትን ከውስጥ ይበላል። ውሻ ሕመሙን ይደብቃል፤ ጅራቱን ስለቆላ አላመመውም ማለት አይደለም። ሲብስ ደግሞ የሳሳው አጥንት ከደረጃ ሲወርድ ብቻ ሊሰበር ይችላል። ስለዚህ እግሩ የሚቆረጠው በሽታውን ከሥሩ ለመንቀል ሳይሆን በመጀመሪያ ሕመሙን ለማስወገድ ነው። ይህን ለይተሽ ያዢ።

በሽታውንስ? የደረት ራጁ ንጹሕ መሆኑ መልካም ነው፤ አትታለዪበት ግን። ምርመራው በታወቀ ቀን ከአሥር ውሾች በዘጠኙ በራጅ የማይታይ የነቀርሳ ዘር ሳንባ ውስጥ ተዘርቷል። እግር ብቻ ተቆርጦ የቀሩ ውሾች ግማሾቹ ከአራት እስከ አምስት ወር ባለው ጊዜ ያልፋሉ። ካርቦፕላቲን የሚባለው የኬሞቴራፒ መድኃኒት ሲጨመር ግማሾቹ ወደ አሥርና አሥራ ሁለት ወር ይደርሳሉ፤ ከአምስት አንዱ ያህል ሁለት ዓመት ያልፋል። ይህን የምነግርሽ ላስፈራሽ አይደለም፤ ማክሰኞ ቀን ሐኪሟ ቁጥር ስትጠራ እንዳትደነግጪ ነው።

ሁለት ነገር ጠይቂልኝ። አንደኛ፣ ደሙ ውስጥ አልካላይን ፎስፋታዝ የሚባለው ኢንዛይም ስንት ነው? ከፍ ካለ የበሽታው ጠባይ የከፋ ይሆናል። ሁለተኛ፣ የኋላ እግሮቹና ዳሌው ደህና ናቸው? የውሻ ክብደት ስድሳ ከመቶ ያህሉ የሚያርፈው በፊት እግሮቹ ላይ ነው፤ አንዱ ሲቀር ሸክሙ በሌላው ላይ ይወድቃል።

በመጨረሻም፣ በምንም ምክንያት የሰው አይቡፕሮፌን እንዳትሰጪው። ሆዱንና ኩላሊቱን ያቆስላል።

ቀጥተኛ፦

እኔ የማስበውን ልናገር፣ የሚቆጣም ይቆጣ። አገር ቤት ሰው ለራሱ ኬሞቴራፒ ወረፋ እየጠበቀ ለውሻ ካርቦፕላቲን? እግዚአብሔርን የምንፈራ ከሆነ ገንዘቡ ሌላ ቦታ አይሻልም?

የመቻል እናት፦

ወንድሜ፣ አልቆጣም። እኔም ሌሊቱን ሙሉ ራሴን የጠየቅሁት ይህንኑ ነው። ለወንድሜ ሕክምና የላክሁትንም፣ ለመቻል የማወጣውንም ቆጥሬ አውቃለሁ። አንዱ ከሌላው ኪስ አልተሰረቀም።

የሚኔሶታው አባት፦

ቀጥተኛ፣ እኔ ግን ተቆጥቻለሁ፤ ቁጣዬን ግን በታሪክ ልንገርህ።

ልጄ በአሥራ አራት ዓመቷ ይኸው በሽታ ያዛት። ጉልበቷ አካባቢ፤ ቁመት በሚጨምሩበት ጊዜ፣ ልክ አብዛኞቹን ልጆች በሚይዝበት ዕድሜና ቦታ። ሐኪሙ ሲያስረዳን የእሷና የውሻ በሽታ በአጉሊ መነጽር ሲታዩ ለመለየት እንደሚቸግሩ ነገረን። አሜሪካ ውስጥ በዓመት ሰው ላይ የሚገኘው ወደ 1,000 ሲሆን ውሻ ላይ ከ10,000 በላይ እንደሆነ ይገመታል። እንዲህ ብርቅ የሆነ በሽታ ሲሆን አዲስ ሕክምና የሚፈትኑበት ሕመምተኛ ከየት ይመጣል? ከውሾች ዘንድ።

ልጄ ዛሬ በሁለት እግሯ ትሄዳለች። አጥንቱ ወጥቶ ብረት ገባላት። እግርን ሳይቆርጡ ዕጢውን ብቻ የማውጣት ጥበብ ከተጠናባቸውና ከተሻሻለባቸው ስፍራዎች አንዱ የኮሎራዶ ስቴት ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሆስፒታል ነው፤ ሕመምተኞቹም ውሾች ነበሩ። ሌላም ልጨምርልህ። ሚፋሙርታይድ የሚባል የሰውነት መከላከያን የሚያነቃ መድኃኒት አለ። በ1989 በወጣ ጥናት እግራቸው ለተቆረጠ ውሾች ተሰጥቶ ከዚያ በኋላ የኖሩበት መካከለኛ ጊዜ 222 ቀን ሆነ፤ መድኃኒቱ የሌለበት መርፌ የተወጉት 77 ቀን። ከሃያ ዓመት በኋላ፣ በ2009፣ አውሮፓ ውስጥ ለልጆች ተፈቀደ። አሜሪካ እስከ ዛሬ አልፈቀደችውም፤ ያ ሌላ ንዴት ነው።

ስለዚህ ለመቻል የሚወጣው ገንዘብ ውሻ ላይ ብቻ የሚቀር እንዳይመስልህ።

ቀጥተኛ፦

ልጅህን እግዚአብሔር ይጠብቅልህ። አላወቅሁም ነበር።

ሕዋስ ቆጣሪ፦

እኅቴ፣ ጥያቄሽን ዘግይቼ አየሁት። የምሠራው የካንሰር ሴል በሚያሳድግ ቤተ ሙከራ ውስጥ ነው፤ የእኅትሽ ልጅ ያነበበው ነገር እውነት ነው። ትንሽ ረዘም አድርጌ ላስረዳ፤ ምክንያቱም ነገሩ ያለ ታሪኩ አይገባም።

በ1962 ፌሩቾ ሪቶሳ የሚባል ጣልያናዊ በፍራፍሬ ዝንብ ላይ ይሠራ ነበር። አንድ ባልደረባው የማሞቂያውን ሙቀት ሳያስበው ከፍ አደረገበት። ሪቶሳ የዝንቡን የምራቅ ዕጢ ክሮሞሶም ሲያይ ከዚያ በፊት ባልነበሩ ቦታዎች ላይ እብጠት አገኘ፤ ጂኖች ተነሥተው ሥራ ጀምረዋል ማለት ነው። ሌላ ሰው ቢሆን «ሙከራው ተበላሸ» ብሎ ዝንቦቹን በጣላቸው ነበር። ከእነዚያ ጂኖች የሚወጡት ፕሮቲኖች የታወቁት ከአሥራ ሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1974 ነው። ሙቀት አስደንግጧቸው የሚወጡ ስለሆኑ ስማቸው «ሂት ሾክ ፕሮቲን»፣ የሙቀት ድንጋጤ ፕሮቲን፣ ሆኖ ቀረ፤ የሚያስነሣቸው ግን ሙቀት ብቻ አይደለም። የኦክስጅን እጥረት፣ አሲድ፣ መርዝ፣ ረሃብ፣ ሴልን የሚያስጨንቅ ማንኛውም ነገር ያስነሣቸዋል። ሲያጥር ኤችኤስፒ 90፣ ኤችኤስፒ 70 ተብለው በቁጥር ይጠራሉ፤ ቁጥሩ ክብደታቸውን ያሳያል።

ሥራቸው ሞግዚትነት ነው። ፕሮቲን ሲሠራ እንደ ክር ረዥም ሆኖ ይወጣል፤ ከዚያ በትክክል መታጠፍ አለበት። ሲሞቅ ይፈታል፣ ይጣመማል፣ እርስ በርሱ ይጣበቃል። እንቁላል መጥበሻ ላይ ሲነጣ የምታዪው ይኸው ነው። ሞግዚቶቹ የተፈታውን ይዘው ያቆዩታል፣ መልሰው ያጥፉታል፣ የማይሆነውን ለማስወገድ ያስተላልፉታል።

አሁን ወደ መቻል አጥንት እንምጣ። የአጥንት ነቀርሳ ሴል ኑሮው ሁልጊዜ ጭንቀት ነው። ክሮሞሶሞቹ የተበጣጠሱና የተዛቡ ናቸው፤ ስለዚህ ቅርጻቸው የተበላሸ ፕሮቲኖችን በብዛት ያመርታል። ደም ስሩ ስለማይበቃው ኦክስጅን ያጥረዋል። በዚህ ላይ አጥንት ሠሪ ሴል እንደመሆኑ ኮላጅን የሚባለውን ፕሮቲን ያለማቋረጥ ይፈትላል፤ የሴሉ ፕሮቲን ማሸጊያ ክፍል ተጨናንቆ ይውላል። ለኮላጅን ብቻ የተመደበ ኤችኤስፒ 47 የሚባል ሞግዚት አለ፤ ክፍሉ ሲጨናነቅ ደወል የሚደውል ጂአርፒ 78 የሚባልም አለ። ከሁሉ ግን መድኃኒት ሠሪዎችን የሳበው ኤችኤስፒ 90 ነው፤ ምክንያቱም በእሱ የሚደገፉት ሜት፣ ኪት፣ ኤኬቲን የመሳሰሉ «እደግ፣ ተባዛ፣ አትሙት» የሚሉ ፕሮቲኖች ናቸው። አንዱን ፕሮቲን ከማሳደድ ይልቅ ሁሉም የተደገፉበትን መምታት ነው ሐሳቡ።

ቀጥተኛ፦

አንድ ጥያቄ አለኝ፤ ክርክር አይደለም። ደህናው ሴልም ኤችኤስፒ 90 አለው ማለት ነው። ታዲያ እሱን የሚያግድ መድኃኒት ውሻውን ራሱን አይገድለውም?

ሕዋስ ቆጣሪ፦

ትክክለኛው ጥያቄ ይህ ነው። እኔን ያስረዳኝ ምሳሌ የአያቴ ቤት ነው። ጎጃም ውስጥ ክረምት ሲያልፍ ያዘመመ የጭቃ ግድግዳ በባላ ይደገፋል። ደህና ቤት አጠገብም ባላ ሊቆም ይችላል፤ ብታነሣው ግን ቤቱ አይወድቅም። ያዘመመውን ቤት ባላ ብታነሣስ? በማግስቱ ጣሪያው መሬት ላይ ነው። ደህናው ሴል ኤችኤስፒ 90 ያስፈልገዋል፣ ነገር ግን ጥገኝነቱ መጠነኛ ነው። የካንሰሩ ሴል በሙሉ ክብደቱ ተደግፎበታል። መድኃኒቶቹም ዕጢ ውስጥ ከሌላው አካል ይበልጥ ረዘም ላለ ጊዜ ይቆያሉ።

መርዛማ አይደሉም ማለት ግን አይደለም። የመጀመሪያው ጌልዳናማይሲን አፈር ውስጥ ከሚገኝ ባክቴሪያ የተወሰደ ነበር፤ ጉበት ስለሚጎዳ ለሕመምተኛ አልሆነም። ከዚያ በኋላ የመጡት ተሻሽለዋል።

የመቻል እናት፦

የባላው ነገር ገባኝ፤ እናቴ ቤትም ነበር። ታዲያ መድኃኒቱ የት አለ?

ሕዋስ ቆጣሪ፦

እዚህ ላይ ነው ልብ የሚሰብረው።

ኤስቲኤ 1474 የሚባል መድኃኒት ነበር፤ ሰውነት ውስጥ ሲገባ ጋኔተስፒብ ወደሚባል ኤችኤስፒ 90 አጋጅ ይለወጣል። መጀመሪያ በቤተ ሙከራ ሳህን ላይ በሚያድጉ የውሻ ኦስቲኦሳርኮማ ሴሎች ተሞከረ፤ ሴሎቹ ሞቱ። ከዚያ የኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ካንሰር ተመራማሪዎች የተለያየ ካንሰር ለያዛቸው 25 የቤት ውሾች ሰጡ፤ ውጤቱ በ2011 ታተመ። በስድስቱ ዕጢው በሚለካ መጠን ቀነሰ። ከስድስቱ ግን ኦስቲኦሳርኮማ የነበረበት አንድ ብቻ ነው። የጎንዮሽ ጉዳቱ ተቅማጥ፣ ትውከት፣ የምግብ ፍላጎት መቀነስና ድካም ነበር፤ አብዛኛው ቀላል።

ከዚያ ጥናት እኔን የማይለቀኝ ሌላ መስመር ነው። መድኃኒቱ በተሰጠ በሰባት ሰዓት ውስጥ በውሾቹ ዕጢና በደማቸው ሴሎች ላይ ኤችኤስፒ 70 ከፍ ብሎ ተገኘ። ተመራማሪዎቹ ይህን መድኃኒቱ ዒላማውን ለመምታቱ ማስረጃ አድርገው ወሰዱት፤ ልክ ናቸው። እኔ ግን ሳነበው የታየኝ ሌላ ነው። ኤችኤስፒ 90 በሰላሙ ጊዜ ኤችኤስኤፍ 1 የሚባለውን አዛዥ ይዞ ያስተኛዋል። አንተ ኤችኤስፒ 90ን ስታስር አዛዡ ይፈታል፣ ወደ ሴሉ አስኳል ይገባል፣ «ሌላ ደጋፊ አምጡ» ብሎ ያዛል። ኤችኤስፒ 70 እና ኤችኤስፒ 27 ይጎርፋሉ። ባላውን ከወዲህ ስታነሣ ቤቱ ከወዲያ በራሱ ሌላ ባላ ያቆማል ማለት ነው። በሰባት ሰዓት ውስጥ!

የሰው ጥናትም እንዲሁ አሳዛኝ ነበር። ጋኔተስፒብ ለሳንባ ካንሰር በተደረገ ትልቅ ሙከራ ጥቅም አለማሳየቱ ሲታወቅ በ2015 ቆመ። ከዚህ ቤተሰብ ለመጀመሪያ ጊዜ ለገበያ የተፈቀደው ፒሚተስፒብ ነው፤ ጃፓን ውስጥ፣ በ2022፣ ለአንድ ዓይነት የሆድ ዕቃ ዕጢ። ለአጥንት ነቀርሳ አይደለም፤ ለውሻም አይደለም።

ስለዚህ አጭሩ መልስ፦ የሐኪም ትእዛዝ ተይዞ ከፋርማሲ የሚገዛ የለም። በአንዳንድ የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤቶች የሙከራ ጥናት ሊኖር ይችላል፤ ሐኪሟ ትጠይቅልሽ። ኤችኤስፒ 90 አጋጅ እንሰጣለን የሚል ከመጣ ደግሞ «ኤችኤስፒ 70 ሲነሣ ምን ታደርጋላችሁ?» በዪው። መልስ ከሌለው ተነሺ።

ጤናዳም፦

እኔ ደግሞ ኢንተርኔት ላይ «የሙቀት ፕሮቲን ማስተካከያ» የሚል ጠርሙስ አይቻለሁ፤ እርድና ጥቁር አዝሙድ አለበት። ጎረቤቴ ለውሻዋ ሰጥታ ተሽሎታል። አንዳንዶችም ውሻውን በሙቅ ብርድ ልብስ ማላብ ይጠቅማል ይላሉ፤ ሙቀቱ ፕሮቲኑን ይጨርሰዋል ተብሎ።

ጡረተኛው ሐኪም፦

ወይዘሮ ጤናዳም፣ በጎ አሳቢነትዎን አልጠራጠርም። ነገር ግን ውሻ እንደ እኛ በቆዳው ሁሉ አያልብም፤ አለክልኮ ነው የሚቀዘቅዘው። ሮትዋይለር በብርድ ልብስ ማሞቅ ሊገድለው ይችላል። ወጣቱ እንዳስረዳውም ሙቀት እነዚህን ፕሮቲኖች ይቀሰቅሳል እንጂ አይጨርስም። ነቀርሳውን ያጠናክሩለታል እንጂ አያዳክሙትም።

እርድ ወጥ ውስጥ ሲገባ ደስ ይላል። ሳህን ላይ ያለ ሴል ላይ ሲንጠባጠብም ብዙ ነገር ያሳያል። ሳህን ግን ሳንባ የለውም፣ ጉበትም የለውም። ጠርሙሱን ሻጩ ይጠጣው።

ሕዋስ ቆጣሪ፦

ዶክተር፣ «ሳህን ግን ሳንባ የለውም» ያሉትን ቤተ ሙከራችን በር ላይ እለጥፈዋለሁ። ለዚህ ሲሮሊመስ ከሚባለው መድኃኒት የተሻለ ማስረጃ የለም። ሴል ምግብና ጭንቀት የሚመዝንበትን ኤምቶር የሚባል መቆጣጠሪያ ያግዳል፤ ቤተ ሙከራ ውስጥ የአጥንት ነቀርሳን ሲያቆም ብዙዎች ተስፋ አደረጉ። እግራቸው ተቆርጦ ካርቦፕላቲን በወሰዱ 324 ውሾች ላይ ተፈተነ፤ በ2021 የታተመው ውጤት ምንም ጭማሪ ዕድሜ አላሳየም። 324 ውሾች፣ 324 ቤተሰቦች። ያ ጥናት ከሸፈ አልልም። ያለ እሱ ዛሬ እያንዳንዱ ክሊኒክ ሲሮሊመስ ይሸጥ ነበር።

የጭንቀት ፕሮቲኖቹ ጉዳይ ግን አልተዘጋም። አሁን የሚታሰበው ኤችኤስፒ 90ን ለብቻ መምታት ሳይሆን ሁለተኛውን ባላም አብሮ ማንሣት ነው። አንዱ መንገድ ኤችኤስፒ 70ን፣ ሌላው አዛዡን ኤችኤስኤፍ 1ን ማገድ ነው። ወይም ሴሉ በካርቦፕላቲን ተመትቶ በሞግዚቶቹ ላይ በተንጠለጠለበት ሰዓት እነሱን መንሣት። ችግሩ ሁለት ባላ ስታነሣ ደህናውም ቤት መነቃነቅ ይጀምራል። መጠኑን ማግኘት ነው ሥራው፤ መጠን ደግሞ ከሳህን አይገኝም።

የመቻል እናት፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ማክሰኞ ሄድኩ። አልካላይን ፎስፋታዙ ልኩን አላለፈም። ዳሌው ትንሽ ሸካራ ነው፣ ግን ይችለዋል አሉ። እግሩን ሳይቆርጡ በጨረር ብቻ ሕመሙን ማስታገስ፣ አጥንቱንም ዞሌድሮኔት በሚባል መድኃኒት ማጠናከር እንደሚቻል ነገሩኝ፤ ሕመሙ ግን ተመልሶ ይመጣል፣ አጥንቱም ሊሰበር ይችላል። ጠየቅኋት፣ «የአንቺ ውሻ ቢሆንስ?» ብዬ። ትንሽ ዝም ብላ «ዛሬውኑ አስቆርጥለት ነበር» አለችኝ።

ቀዶ ጥገናው ሐሙስ ነው። ከትከሻ አጥንቱ ጋር ነው የሚወጣው። ፈርቻለሁ።

የሚኔሶታው አባት፦

እኛም ፈርተን ነበር። ቤትሽ ወለሉ እንጨት ወይም ሰድር ከሆነ ከመመለሱ በፊት ምንጣፍ አንጥፊበት። ልጄ በክራንች ስትመጣ ያልጠበቅነው ጠላት የተወለወለ ወለል ነበር፤ ለሦስት እግር ደግሞ ይብሳል።

ሕዋስ ቆጣሪ፦

አንድ ልመና አለኝ፤ አይሆንም ካልሽ አልቀየምም። የሚወጣው እግር አብዛኛውን ጊዜ ይቃጠላል። ሐኪሟን አስቀድመሽ ካነጋገርሽ ከዕጢው ቁራጭ ለምርምር ናሙና ባንክ ሊሰጥ ይችላል። ከሰውነት በወጣ በደቂቃዎች ውስጥ መቀዝቀዝ አለበት፤ የጭንቀት ፕሮቲኖች ጠረጴዛ ላይ ሲቆዩም ይለወጣሉና። ስለዚህ ሐሙስ ጠዋት ከመግባቱ በፊት ቢታወቅ ነው የሚጠቅመው። ካርቦፕላቲን ያልነካው፣ ገና ባላውን ያቆመ ዕጢ ብርቅ ነገር ነው።

የመቻል እናት፦

ስድስት ሳምንት ሆነው፤ ጠፋሁባችሁ።

መጀመሪያ ልመናህን፦ ፈርሜያለሁ፣ ወንድሜ። ረዳቷ ዕጢውን በፎይል ጠቅልላ ጭስ በሚመስል ነገር የተሞላ ባልዲ ውስጥ ስትከት አየሁ። ያን እግር ለስምንት ዓመት ይዤ ጥፍሩን ቆርጫለሁ። አለቀስኩ፣ ግን ደስ ብሎኝ ነው የሰጠሁት።

መቻል በማግስቱ ቆመ። በሦስተኛው ቀን እስከ በሩ ሄደ፤ በአምስተኛው ቀን የኤርፖርት ሻንጣ አንከባሎ የሚሄድ ሰው ላይ ጮኸ። ሲሮጥ እንደ ጥንቸል ይዘላል፤ ሲቆም ግን ቀሪዋን የፊት እግር ወደ መሃል ያስገባታል፣ ማንም ሳያስተምረው። ሌሊት ጎኑን ጥሎ፣ እግሮቹን አጥፎ ይተኛል። እንዲህ ሲተኛ ካየሁት ሦስት ወር አልፎ ነበር።

ዶክተር፣ ማነከሱ ከጀመረበት ቀን አንሥቶ ስንት እንዳመመው አሁን ነው የገባኝ። ስሙን ሰምቶ ችሎኝ ነበር።

ሁለት ካርቦፕላቲን ወስዷል። ከሁለተኛው በኋላ አንድ ቀን ምግብ እምቢ አለ፤ ዶሮ ቀቅዬ ስሰጠው በላ። ሐኪሟን ስለ ኤችኤስፒ 70 ጠየቅኋት። ብዕሯን አስቀምጣ «ይህን ማን አስተማረሽ?» አለችኝ። በአማርኛ የተማርኩት ነው አልኳት።

ላይኛው ፎቅ ያለው ሰውዬ ደግሞ ደረጃ ላይ አገኘን፤ ያው ወንበር ጎታቹ። ሦስት እግሩን አይቶ ተንበረከከና አንገቱን አሸው። ስሙ ምን ማለት እንደሆነ በስምንት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ጠየቀኝ። ነገርኩት፤ አባቴ ለምን እንዳወጡለትም ጭምር። ፊቱ ቀላ። ከዚያ ወዲህ ወንበሩን አልሰማሁትም።

ሦስተኛው መርፌ የሚመጣው ሰኞ ነው።

ጡረተኛው ሐኪም፦

እሰይ ልጄ። ከሰኞ በፊት የሚወሰደውን የደም ቆጠራ ውጤት እዚህ ጻፊልኝ፤ በተለይ የነጭ ደም ሴሉንና ደም የሚያረጋውን የፕሌትሌቱን። ካርቦፕላቲን የሚያዳክማቸው እነሱን ነው።